የምጣድ እቁብ

ርዕሰ መምህራችን ስብሰባ ጠርቶ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በክበባት ሰዓት ስለ አደጋ ጊዜ ዝግጁነት ትምህርት ይሰጣል» ሲል ሁላችንም ጣራ ጣራውን አየን። ማን ይውሰደው ሲባል የታሪኩ መምህር ወደ ባዮሎጂዋ፣ ባዮሎጂዋ ወደ ስፖርቱ አሳለፉት፤ በመጨረሻ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ፊዚክስ የምታስተምር ሰው ከእሳትና ከመብራት አትርቅም ተባለ። ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ እንቢ ማለት ያቅተኛል፤ «አሳያችኋለሁ» እያልኩ እሺ እላለሁ።

የወልቂጤ ልጅ ነኝ። ቡታጅራ የመጣሁት ተመድቤ ነው። የእኔ የሰባት ቤት ጉራጌኛ ከመስቃኑ ጋር ስለማይገጥም ከሰፈሩ ሰው ጋር የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ አማርኛዬንም ቢሆን «ይቺ ከተራራው ማዶ ናት» እያሉ ይቀልዱበታል። ለነገሩ እኔም በእነሱ እቀልዳለሁ።

በማግስቱ አሥረኛ ክፍል ገባሁና ሰሌዳው ላይ በትልቁ «መብራት ቢጠፋ ምን እናደርጋለን?» ብዬ ጻፍኩ። ገና ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ቲቸር፣ ቢጠፋ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ። «እኛ እኮ ጠፍቶ ነው ያደግነው። ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ ብለው ይጠይቁን!»

ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን ልጁ እውነቱን ነበር። ስለዚህ «ቢጠፋ» የሚለውን አጥፍቼ «ቢመጣ» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን፣ ምጣድ እንጥዳለን፣ ዩኒፎርም እንተኩሳለን፣ ምድጃ ላይ ወጥ እንጥዳለን፣ ኳስ እናያለን። «ሁሉንም በአንድ ላይ?» አልኩ። «በአንድ ላይ!» አሉ በአንድ ድምፅ። «መልሶ ሳይጠፋ!» ብሎ ጨመረ ያው ጎረምሳ።

ከፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ አልሳቀችም። ሂጃቧን አገጭዋ ሥር ደጋግማ ታስተካክላለች። አየኋትና «አንቺስ?» አልኳት።

«እኛ ቤት የሚያስፈራን ሲጠፋ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ሲደክም ነው።»

ከክፍል ስንወጣ ጠርቼ ጠየቅኋት። አባቷ ብዙ ዘመን የበርበሬ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። አሁን ሳንባቸው ታምሞ ቤት ውለዋል፤ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑን የገዛው መርካቶ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሟ ነው። መብራት ጨርሶ ሲጠፋ ሲሊንደር አለ፤ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅለው ሲሊንደሩ ላይ ይሰካሉ፣ አባትየውም ይተነፍሳሉ። ችግሩ ማታ ማታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል፣ ማሽኑም ይጮህና ይቆማል፤ ትንሽ ሲያገግም ይነሳል፣ መልሶ ይቆማል። ስታብላይዘር አላቸው፤ ግን እሱም አንድ ደረጃ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። ሲሊንደሩን በየምሽቱ ቢጠቀሙበት ደግሞ መብራት በእውነት የጠፋ ቀን ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳት።

«እኔ እሮጣለሁ» አለችኝ።

ያን ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ቤታቸው ከእኔ ኪራይ ቤት ብዙም አይርቅም፤ ከገበያው ጀርባ፣ በበርበሬ ሰሞን መንገዱ ላይ ሸራ ተነጥፎ የመስቃን በርበሬ የሚሰጣበት ሰፈር ነው። እያስነጠስኩ ገባሁ። አባቷ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫቸው ተነስቶ፣ በጆሯቸው ዞሮ፣ ጥግ ላይ ወዳለ ነጭ ሳጥን ይሄዳል። ሳጥኑ ያጉረመርማል።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ» አልኩ፣ በጴንጤ አፌ።

«ወአለይኩም ሰላም። ግቢ መምህርት፣ ግቢ።» ትንፋሽ ወሰዱና ፈገግ አሉ። «ወፍጮዬን ልታዪ መጣሽ?»

አልገባኝም። በአገጫቸው ወደ ሳጥኑ ጠቆሙ።

«ይኸም ወፍጮ ነው እኮ። እህሉ አየር ነው። ገለባውን እዚያው ያስቀራል፣ ዱቄቱን ለእኔ ይልካል። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ፈጨሁ፤ አሁን ለእኔ ይፈጫል።»

ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በየትም አላገኘሁም። ማሽኑ በእርግጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሁላችንም የምንስበውን አየር ይወስዳል፣ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ይልካል። ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩና የሳጥኑን ንዝረት በመዳፌ ዳሰስኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ቮልቴጅ ማለት ለእኔ ፈተና ላይ የሚመጣ ቁጥር ነበር፤ ተማሪ የሚሳሳትበት፣ እኔ በቀይ የማሰምርበት። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ቮልቴጅ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ወጥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ ሰው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ደረት ሲያነሳ አየሁት። ሰውነቴን ነዘረኝ። ልጅቱ ሻይ ስታቀርብልኝ እንኳን ዓይኔን ከደረታቸው ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ አምፖሉ ቀላ። መጀመሪያ የዓይኔ ነገር መሰለኝ። ከዚያ እንደ በሰለ ብርቱካን ሆነ፣ ሳጥኑም ጮኸ። ጩኸቱ ቀጭንና የማያቋርጥ ነው፤ ጥርስ ያሳክካል። ልጅቱ ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጠች ሳላይ በሩን በርግዳ ወጣች። ከውጭ ድምፅዋ ብቻ ይሰማኝ ጀመር፦ «ምጣድ! ምጣድ! እባካችሁ ምጣድ!» አጥሩን እየደበደበች ትሮጣለች። ከአንዱ ግቢ «እሺ! እሺ!» ይሏታል፣ ከሌላው «ሊጥ አፍስሼ እኮ ነው፣ አንድ ደቂቃ!» ይሏታል። ቀስ በቀስ አምፖሉ ነጣ፤ ሳጥኑ ዝም ብሎ ቆየና እንደገና ማጉረምረም ጀመረ።

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

«መምህርት» አሉኝ ሳይዞሩ። «በየምሽቱ ልጄ በእኔ ምክንያት የሰው እንጀራ ከምጣድ ታስወርዳለች። እኔ በዕድሜዬ ሰው ለምኜ አላውቅም። አንቺን ትሰማሻለችና ንገሪያት፣ ትተወው።»

ልጅቱ በር ላይ እያለከለከች ቆማ ነበር። አባቷን ሰማች። እኔን አየችኝ። ብትተወው ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። አባት ልጄን አስቁሚልኝ ይላሉ፣ የልጅቱ ዓይን አባቴን አኑሪልኝ ይላል። እሺ ብዬ ወጣሁ። የቱን እሺ እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም።

በሚቀጥለው የክበብ ሰዓት የማንንም ቤት ሳልጠቅስ ስለ ሰፈር ትራንስፎርመር አስተማርኩ። ተማሪዎቹ ቤታቸው ያለውን ዕቃ ሁሉ ገልብጠው ከጀርባው የተጻፈውን ዋት አንብበው እንዲመጡ አዝዤ ነበር። አምፖሉ ዘጠኝ ዋት፣ ምጣዱ ከሦስት ሺህ በላይ። እንዲያካፍሉት አደረግሁ። አካፍለው ሲጨርሱ ስሌቱን እንደገና ሠሩት፤ አንድ ምጣድ ስንት ቤት አምፖል እንደሚውጥ ያን ቀን ነው ያዩት። «እንደ ቦኖ ውሃ ነው» አልኳቸው። «ቧንቧው አንድ ነው። ሁላችሁም ጀሪካናችሁን በአንድ ጊዜ ብትደቅኑ ለማንም አይሞላም።»

«ታዲያ ተራ እንግባ» አለ አንዱ።

«በምን?»

«በዕጣ። እንደ እቁብ። ለየቤቱ የሚጋግርበት ምሽት ይወጣለታል።»

ማን እንደጀመረው አሁን አላስታውስም። የማስታውሰው የእኔን መልስ ነው፦ «ሰው ሲርበው ይጋግራል እንጂ ዕጣ እስኪወጣለት ይጠብቃል?» ብዬ አሾፍኩ። ልጆቹ እንደ ባዕድ አዩኝ። የጉራጌ ልጅ ሆኜ እቁብ ምን እንደሚችል እነሱ ሊነግሩኝ አፈሩ። ሱቅ የተከፈተው በእቁብ፣ ሚኒባስ የተገዛው በእቁብ፣ ቤት የተሠራው በእቁብ ነው፤ ምጣድ ምን ትልቅ ነገር ሆኖ?

የሰፈሩ ሴቶች እሑድ እሑድ እቁብ ይጥላሉ። ዳኛቸው ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ መሃል ቆመው ሲናገሩ ከዳር የሚሰማ ድምፅ አላቸው። እሑድ ስብሰባቸው ላይ ሄጄ ስለ ቮልት ጀመርኩ፣ ስለ ዋት ቀጠልኩ፣ ስለ አምፒር ልገባ ስል ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ።

«መምህርት፣ የሐጂን ነገር ነው የምትዪው?»

ደነገጥኩ። ያንን ቤት ላለመጥቀስ ስንት ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነበር።

«ልጅቷ በየምሽቱ ስትጮህ እኛ የማንሰማ መሰለሽ? ከምጣዳችን የምናወርደው ለማን ይመስልሻል? አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል። ግን ማታ የሚያወርደው ሁልጊዜ ለአጥሩ የቀረበው ነው፤ ራቅ ያለው አይሰማም። ዕጣ ይሻላል። ማን ይቃወማል?»

የተቃወመ የለም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። አባትየው ሲሰሙ «ለእኔ ተብሎ ከሆነ አይሁን» አሉ። ዳኛዋ የቅቤ እጃቸውን እየጠራረጉ በራቸው ላይ ሄደው ቆሙ።

«ማን ለአንተ አለ? ለትራንስፎርመሩ ነው። እሱ ከተቃጠለ ጨለማ የምንቀመጠው ሁላችን ነን። ምጣድ አለህ የለህም?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ዕጣህን አውጣ። እንደ ሰው።»

ወረቀቱን አወጡ። የሰኞ ምሽት ደረሳቸው። ልጅቱ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያንን የተጠቀለለ ወረቀት እስኪመሽ በእጃቸው ይዘውት ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አልረሳውም። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መልቲሜትር ተውሼ ማታ ማታ እዚያ ቤት ተቀመጥኩ። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጭስ ከየኩሽናው ይወጣል፣ የመስጊዱ አዛን ይሰማል፣ እኔ ሶኬቱ ላይ አፍጥጫለሁ። ሁለት መቶ ሃያ አካባቢ ይላል። ትንሽ ወረድ ይላል፣ ይመለሳል። ሳጥኑ አይጮህም። በአጥሩ ማዶ ያሉት ቤቶች፣ ስማቸውን እንኳን የማላውቃቸው ሰዎች፣ ተራቸው ስላልሆነ ምጣዳቸውን ቀዝቃዛ አድርገው ተቀምጠዋል። ይህ ነገር ሜትሬ ላይ በቁጥር ይታየኛል። የሰው መተሳሰብ ይለካል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እኔ ግን በቮልት አየሁት። ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ብቻዬን ስቄአለሁ፣ ትንሽም አልቅሻለሁ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ቸኩዬ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ጀመረና አንድ ማክሰኞ ንጋት ላይ ነፋስ የመብራት እንጨት ጣለ። ማክሰኞ ጠፋ፣ ረቡዕም ጠፋ። እዚያ ቤት ሲሊንደሩ እየተቆጠበ ሄደ፤ ልጅቱ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ቀርታ ሌላ የተሞላ ሲሊንደር ልታመጣ ወጣች። እናቷም እንደ ወትሮው ለንግድ ገበያ ወጥተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር ሳርም ድንገት አምፖሌ በራ፤ ከየአቅጣጫው ያ የለመድነው ጩኸት ተነሳ፦ «መጣ! መጣ!» እኔም እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። እጄን ሳላወርድ አምፖሉ ቀላ።

እስኪቀላ ድረስ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ሮጥኩ።

አባትየው ብቻቸውን ነበሩ። ሲሊንደሩ አልቋል። መብራት መጣ ብለው በእጃቸው ቱቦውን ወደ ማሽኑ መልሰውታል፣ ማሽኑም ጀምሮ ቆሟል፤ ይጮኻል፣ ጩኸቱን ግን የሰፈሩ ደስታ ውጦታል። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸውን አንስተው አዩኝ፤ ለመናገር ሞከሩ፣ አልወጣም።

ወጥቼ ጮህኩ። ልጅቷ ስትጮህ የሰማሁትን ቃል ልደግም ነበር ሐሳቤ፤ ከአፌ የወጣው ግን የእናቴ ቤት ጉራጌኛ ነው። አጥሩን እየደበደብኩ በሰባት ቤት አፍ ስጮህ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱም ቃሉን አልያዘውም፤ ግን ሁሉም ገባቸው። ምጣድ ሲጠፋ፣ ምድጃ ሲነቀል፣ ሴቶች በሊጥ እጃቸው ሲሮጡ አስታውሳለሁ። መብራቱ ነጣ። በዚያው ቅጽበት ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ ልጅቱ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፋ ወረደች። አባቷን በዚያው ባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ እስኪያገግሙም እዚያው ቆዩ።

ከሆስፒታል ስመለስ በቀጥታ ዳኛዋ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር። ቁጣዬን ማንም አላስቆመውም፤ ቃላችሁ ይኸው ነው ወይ፣ እምነት የላችሁም ወይ፣ ብዙ ነገር ተናገርኩ። ዳኛዋ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«መምህርት፣ ተራ የሰረቀ የለም» አሉ። «የጣዱት የማክሰኞዎቹ ናቸው፣ የረቡዕዎቹ ናቸው፣ የሐሙሶቹ ናቸው። ተራቸው ጨለማ በላው፤ መብራት ሲመጣ ወሰዱት። በእቁብ ዕጣ አይቃጠልም። የደረሰሽ ዕጣ ዛሬ ካልተሰጠሽ ነገ ይሰጥሻል እንጂ ማን ይነጥቅሻል?»

ትክክል ናቸው። እነዚህ ሰዎች ቃላቸውን ጠብቀው ነው ሰውየውን ሊያጡ የነበሩት። ተቀመጥኩ። ስናገርም ድምፄ ወርዶ ነበር።

«እቁብ ሳጥን አለው» አልኩ። «የእናንተ ድርሻ ሳጥኑ ውስጥ ይጠብቃችኋል። መብራት ግን ሳጥን የለውም። የማክሰኞው መብራት የትም አልተቀመጠም። ዛሬ የመጣው የዛሬ ብቻ ነው፤ ያለፈው ተራ አልፏል።»

«ታዲያ ይህ ምን ዓይነት እቁብ ነው?» አለች አንዷ።

«ከባድ ዓይነት» አሉ ዳኛዋ። «ያልደረሰሽን ትተሽ የምትጠብቂበት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሕጉን ያወጡት ተማሪዎቼ ናቸው። እኔ በክበብ ሰዓት ጥያቄውን ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ መብራት ሲመጣ ምን እናደርጋለን? በመጀመሪያው ቀን ያሳቀን ጥያቄ ያን ዕለት ማንንም አላሳቀም። ተከራከሩ፣ ተሰዳደቡ፣ ተስማሙ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ ካውያውን ከሶኬት ይነቅላል። በእነ ሐጂ ቤት በር ላይ፣ ከመንገዱ ሁሉ የሚታይ አንድ አምፖል ይሰቀላል። መብራት ሲመጣ ማንም ምንም አያበራም። ማሽኑ ተነስቶ ሲረጋ ልጅቱ የበሩን አምፖል ታበራለች፤ ያኔ የዕለቱ ባለተራዎች አንድ በአንድ ይጥዳሉ። አምፖሉ ሲቀላ ከታየ፣ መጨረሻ የጣደው ያወርዳል። ጩኸት የለም፣ ሩጫ የለም።

የፈራሁት አባትየውን ነበር። ከሆስፒታል ተመልሰው ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙን። በደጄ ላይ የችግሬን ምልክት አልሰቅልም ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«መንገዱ ጨለማ ነው» አሉ። «ለሱብሂ ሶላት ሳይነጋ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ይደናቀፋሉ። መብራት ለመንገደኛ ሰደቃ ነው። ስቀሉት።»

እንዲህ አድርገው ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት ተሻገሩ። ልጅቱ ከኋላዬ ቆማ በሂጃቧ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቼ ያላየሁ መሰልኩ።

ለአረፋ ዋዜማ ምሽት ጋበዙኝ። አረፋ ሲደርስ ቡታጅራ ሌላ ከተማ ትሆናለች፤ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ነጋዴ ሆኖ ከወጣበት ሁሉ የመስቃን ልጅ ይመለሳል። መንገዱ በመኪና፣ ግቢው በእንግዳ፣ ኩሽናው በድስት ይሞላል። የመርካቶው ወንድሟም ከነቤተሰቡ ገብቶ ነበር። ያን ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ዋለ። ባለተራ ያልሆኑ ቤቶች አስቀድመው በእንጨት እሳት ቆጮ ጋግረዋል፤ «ቆጮ ዋት አይጠይቅም» እያሉ በእኔ ይስቃሉ። ሌሎቹ ግን ሊጣቸው ደርሷል፣ እንግዳቸው ተቀምጧል፣ ነገ ዒድ ነው። አባትየው በሲሊንደር ላይ ናቸው። እኔ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ የሐሙሱን ከንፈር አልረሳሁም፣ ዛሬ ደግሞ ሕጉን የማያውቅ እንግዳ በየቤቱ ሞልቷል።

ሊመሽ ሲል ከሩቅ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ያ ጩኸት ተነሳ። «መጣ! መጣ!» ከቤቶቹ በላይ ሰማዩ ነጣ፤ የወዲያኛው ሰፈር ሁሉ በራ።

የእኛ መንገድ ጨለማ ነበር።

ከበሩ ወጥቼ አየሁ። አንድም መስኮት አልበራም። ሰዎች ግን ከየግቢያቸው ወጥተዋል፤ በግራጫው ብርሃን ጥላቸው ብቻ ይታያል። ተማሪዎቼ በየበራቸው ቆመዋል። ከጎረቤት ግቢ አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ «እናንተ ሰፈር አልመጣም እንዴ?» ሲል ሰማሁ።

«መጥቷል» አለችው አንዲት ሴት። «ቆይ።»

«ምን እንጠብቃለን?»

«ሰው» አለችው።

ያ ሁሉ ሕዝብ፣ የጾመ ያለበት፣ ልጅ የታቀፈ፣ ሊጡ የሚፈስበት፣ መብራት በግድግዳው ውስጥ እያለ ጨለማ ውስጥ ቆመ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አጥሩን ይዤ አዳመጥኩ። ከውስጥ ሳጥኑ አንዴ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። ልጅቱ የበሩን አምፖል አበራች። ነጭ ነበር።

አሁን ይጥዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጣዱም። አምፖሉ እንዳይቀላ ፈርተው፣ አንዱ ሌላውን ቀድሞ መጀመር ከብዶት፣ ባለተራዎቹም ሳይቀሩ ወደዚያ በር እያዩ ቆሙ።

ያኔ በሩ ተከፈተና አባትየው ወጡ። ልጃቸው ቱቦውን እስከሚደርስበት ድረስ ከኋላቸው ይዛላቸው ነበር። ከአምፖሉ ሥር ቆመው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አዩ። የቆመውን ሰው ሁሉ አዩ። መጀመሪያ የሆነው ነገር የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ ገባቸው።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ። ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ግን መንገዱ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ። «ነገ ዒድ አይደለም እንዴ? አብሩ እንጂ።»

ማንም አልተነቃነቀም።

እኚያ በዕድሜያቸው ሰው ለምነው የማያውቁ ሰው በቀኝ እጃቸው የበሩን መቃን ያዙ።

«እለምናችኋለሁ» አሉ። «አብሩ።»

ዳኛዋ ቀድመው ገቡ፤ ከዕለቱ ባለተራዎች አንዷ እሳቸው ነበሩ። የእሳቸው መስኮት በራ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያ የሚቀጥለው። አባትየው በር ላይ ቆመው ቀና ብለው የራሳቸውን አምፖል ያዩ ነበር። አልቀላም።